አቶ ዶላሞ ደጋግመው የሚጠይቁት ፎርሙላ

«አባዬ፣ ይሄን እኮ ባለፈው ነግሬሃለሁ!...»

ሩሃማ ጂንካ ከተማ ባለው ቢሮዋ ውስጥ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ ኪቦርዷን ትጠቀጥቃለች።

«ረሳሁት ልጄ... እርጅና ነው።»

አባቷ አቶ ዶላሞ ዲመካ ከተማ፣ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ መዝጋቢ ናቸው። ከብት ሊያስከትብ የመጣውን ሰው ስም፣ የአባት ስምና ቀበሌ አንድ የኤክሴል ሳጥን ውስጥ አጭቀው ይጽፉታል... ከዚያ «እንዴት ልለያየው?» ብለው ልጃቸው ጋ ይደውላሉ።

ሩሃማ በኤክሴል አትታማም። አዳዲሶቹን ፎርሙላዎች በዞኑ የምታሠለጥነው እሷ ናት።

«ቴክስትስፕሊት ብለህ ጻፍ... ቅንፍ ክፈት... ሳጥኑን ምረጥ... በምን እንደሚለያይ ንገረው። በቃ፣ ራሱ በየዓምዱ ይበትንልሃል። ሠራ?»

አባቷ ኪቦርዱን ነካ ነካ ያደርጉና...

«ሠራ! ተባረኪ!... ምሳ በላሽ?»

«አባዬ ሥራ ላይ ነኝ፣ ቻው!»

እንዲህ እያሉ ከረሙ።

ዲመካ ሩቅ ሆና አይደለም። ጠዋት ሚኒባስ የያዘ ለምሳ ይደርሳል። ሩሃማ ግን እናቷ ካረፈች ወዲህ «ለገና እመጣለሁ»፣ «ለፋሲካ እመጣለሁ» እያለች በዓሉን ሁሉ በስልክ ታሳልፈዋለች።

አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀ።

«አባዬ፣ ከዚህ በኋላ ዩቲዩብ ላይ እይ! እኔን አትጠይቀኝ!»

«እሺ ልጄ» አሉ... መደወልም ተዉ።

መጀመሪያ እፎይ አለች።

ውሎ አድሮ ግን ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ዓይኗ ስልኩ ላይ ይንከራተት ጀመር። ናፈቋት። እንዳትደውል ደግሞ ኩራት ያዛት...

በዚህ መሃል መሥሪያ ቤቷ የክሊኒኩን ሠራተኞች እንድታሠለጥን ዲመካ ላካት።

ክሊኒኩ ስትደርስ አባቷ ከብት ገበያ ወጥተዋል። ባልደረባቸው ሶርሳ የእሳቸውን ኮምፒውተር ከፈተላት። ቴክስትስፕሊት ብላ ጻፈች...

ኮምፒውተሩ «ስህተት» አላት።

ደግማ ጻፈች... አሁንም ስህተት።

ሶርሳ ሳቀ።

«እህቴ፣ ይሄ የድሮ ኤክሴል ነው እኮ! ያ አዲሱ ነገር የለውም። ጋሽ ዶላሞ አንድ በአንድ በእጃቸው ነው የሚለያዩት።»

«እንዴ! ሁሌ "ሠራ" ይለኝ ነበር እኮ!»

«እንደማይሠራማ ከመጀመሪያው ያውቃሉ። እኔም "ታዲያ ለምን ይደውሉላታል?" ብያቸዋለሁ...»

«ምን አለህ?»

«"ያለ ጉዳይ ብደውል ሥራ አስፈታታለሁ... ይሄን ስጠይቃት ግን ትንሽ ታወራኛለች" አሉኝ።»

ሩሃማ እንባዋ ኪቦርዱ ላይ ዱብ ዱብ አለ።

አቶ ዶላሞ አቧራ እንደለበሱ ገቡ። ልጃቸውን ሲያዩ በሩ ላይ ቀጥ አሉ።

«ሩሃማ?... እኔን ብለሽ ነው የመጣሽው?»

«አዎ» ልትል ፈለገች... አንደበቷ እምቢ አላት።

«ለሥራ ነው አባዬ...»

አቅፈው ሳሟት።

«ይሁን ልጄ... ሥራውም ይባረክ። አንቺን አመጣልኝ።»

.

ወገኖቼ... ወላጅ «ናፈቃችሁኝ» ማለት ሲያፍር ጥያቄ ይፈጥራል። ሪሞቱ እምቢ አለኝ ይላል... ካርድ እንዴት ነው የሚሞላው ይላል... እኛም ቶሎ መልሰን ስልኩን እንዘጋለን። እባካችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ጥቂት አውሩ።

የእናንተስ አባት ወይም እናት ደጋግመው የሚጠይቋችሁ ነገር ምንድን ነው? መጀመሪያ ደውሉላቸው... ከዚያ መጥታችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩን።