የባለቤቱ ፊርማ

ወንድሜን ናሁሠናይን ሰኞ ቀበርነው። ሐሙስ ላፕቶፑን ልወስድ ይማርበት ወደነበረው ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ፤ እናታችን በውስጡ ያለውን፣ እሱ የሚስቅበትን ቪዲዮ ሳላይ እህል አልቀምስም ብላለች።

የመጣሁበትን ስነግረው የበሩ ጥበቃ ከወንበሩ ተነሣ።

«ነፍስ ይማር። ግን ላፕቶፕ ያለ ባለቤቱ ፊርማ ከዚህ በር አይወጣም።»

«ጋሼ፣ ባለቤቱ እኮ ሞቷል!»

«ገባኝ፣ ልጄ። መመሪያው ግን ሞተ አልሞተ አይልም። በዚህ አሠራር ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ላፕቶፕ አልተሰረቀብንም።»

ለመንኩት፤ አለቀስኩ። በመጨረሻ ራርቶልኝ መዝገቡን ገለጠ፤ በጣቱ እየተከተለ የወንድሜን ስም ፈለገ። ሲያገኘው ፊቱ በራ።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ ባለቤቱ ራሱ ፈርሞ አውጥቶታል።»