መርቭ ምሰሶ የሆነበት ምሽት

«እኚያን አባባ እፈልጋለሁ! ባለ ሰማያዊ ሹራቡን!»

ታሊያ የምትባለው ወጣት ተዋናይ ከመድረኩ ጫፍ ላይ ሆና ጣቷን ቀሰረች። ሎርና የባሏን የመርቭን ክንድ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «ሌላ ሰው ፈልጊ፣ የኔ ልጅ» አለች፤ ግን ማን ሰምቷት! ከአንድ መጠጥ ቤት ጀርባ ያለችው ትንሽ ቲያትር ቤት በጭብጨባ ተናግታለች።

መርቭ ዕድሜውን ሙሉ ከብት በጨረታ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። በአውስትራሊያዋ ደሴት በታዝማኒያ ከእሱ ምላስ የሚቀድም አልነበረም፤ የከሳ በግ እንኳ በእሱ አፍ ይሰባ ነበር። ዐምና ስትሮክ መታውና ቃላቱ ተደበላለቁበት። ሻይ ሲያምረው «ድልድይ» ይላል፣ ጫማውን ሲፈልግ «ጳጳስ»። የከፋው ደግሞ ስህተቱ ለራሱ ይሰማዋል፤ ሰው ሲስቅበትም ያያል። ስለዚህ ከቤት መውጣትን እርም አለ። ዛሬ ዋና ከተማዋ ሆባርት ድረስ የመጣው ሎርና ለምና ለምና ነው፤ በሩ ላይ ግን አንድ ጣቱን አሳይቷታል፤ ይኼ ብቻ፣ ከዚህ በኋላ የለም ማለቱ ነው። አሁን እዚህ ሕዝብ ፊት ከተዋረደ ዳግመኛ ደጅ እንደማይወጣ ታውቃለች።

መርቭ ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቃትና ወደ መድረኩ ወጣ። ሰው ፊት መቆም ድሮም ነፍሱ ነው።

«ስምዎ ማን ይባላል፣ አባባ?»

«አካፋ» አለ መርቭ።

ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሎርና «መርቭ ነው!» ልትል ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«አካፋ! ወንድ አወጣልዎት እንዲህ ያለ ስም!» አለች ታሊያ ቀድማት። «በሉ ለጋሽ አካፋ ጭብጨባ!»

ተጨበጨበ። ሎርና ቁጭ አለች።

ጨዋታው ምሰሶ ይባላል። በዚህ ቤት ተጽፎ የሚጠና ነገር የለም፤ ተዋንያኑ እዚያው እየፈጠሩ ነው የሚጫወቱት። ከተመልካች የተጠራው ሰው መድረኩ ላይ እንደ ምሰሶ ይቆማል። ተዋናዩ ትከሻውን ነካ ሲያደርገው አፉ ላይ የመጣውን ቃል ይወረውራል፤ ተዋናዩም ቃሉን እንዳለ ተቀብሎ ጨዋታውን ይቀጥላል። ይሄ አይሆንም ማለት ነውር ነው።

«ሠርግ!» አለ ከተመልካቹ አንዱ፤ በቃ ሠርግ ሆነ። ታሊያ የሙሽራዋ እናት ሆነች፤ አብሯት የሚጫወተው ቀጭን ጓደኛዋ ደግሞ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ጎረምሳ።

«ልጄን የምሰጥህ ምን አምጥተህ ነው? እስቲ…» አለችና መርቭን ነካ አደረገችው።

«ጎማ!»

ጎረምሳው ተንበረከከ። «አራቱንም አምጥቻለሁ፣ እማማ! የጠፋው መኪናው ነው።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። መርቭ ደነገጠ፤ ዓይኑ ሎርናን ፈለገ።

«ልጄንስ ወስደህ የት ልታኖራት?» ትከሻው ተነካ።

«ድልድይ!»

«ከድልድዩ ሥር!» አለ ጎረምሳው። «ባሕሩ ፊት ለፊት፣ እማማ፣ ኪራይ የሚጨምር አከራይ የለ!» በቤት ኪራይ የተማረረ ሁሉ እግሩን መሬት እየመታ ሳቀ።

መርቭም ሳቀ። ሎርና ድፍን ዓመት ቃሉን ስታርምለት፣ ሰው ፊት ደግሞ ስለ እሱ ስትመልስለት ኖራለች። እዚህ የሚያርመው አልነበረም። ቃሉን ብቻ ነው የሚጠብቁት።

«እንግዲህ ያለኝን ሁሉ አቀረብኩ» አለ ጎረምሳው። «የመጨረሻ ቃልዎን ይስጡኝ።»

ታሊያ የመርቭን ትከሻ ነካች። መርቭ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ።

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሎርና አየች፤ ያን እንቅስቃሴ ታውቀዋለች። ከጉሮሮው አንድ ማጉረምረም ተነሣ፤ ቃል የለውም፤ ፈጠነ፣ ከፍ አለ፣ የጨረታ ዜማ ሆነ። ጣቱ ወደ ኋላው ረድፍ ተቀሰረ፤ አንድ ሰውዬ እጁን አወጣ። ወደ ግራ ዞረ፤ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ወዲያው እጅ ያላወጣ ጠፋ፤ ሎርናም ሁለቱንም አውጥታለች። መርቭ ሁሉንም ሲያጫርት፣ ሲያባብል፣ ሲያስቀና ቆየና መዳፉን በመዳፉ ጧ አደረገው።

«ተሸጠ!»

መብራቱን የያዘው ሰው ሥራውን ያውቃል፤ በዚያች ቃል ላይ አጠፋው። ጨለማው ውስጥ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አቀለጠው።

የእረፍት መብራት ሲበራ መርቭ ግንባሩን ላብ አጥምቆት ተመልሶ ከጎኗ ተቀመጠ። ሎርና አንጀቷ ርሷል፤ ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ቃል ጠፋት። እንደገና ሞከረች፣ እንቢ አላት።

መርቭ አያት። ትከሻዋን ነካ አደረጋትና ሳይቸኩል ጠበቃት።

«ድልድይ» አለች ሎርና፣ እንባዋን እየጠረገች።

መርቭ ራሱን በእሺታ ነቀነቀና ሻይ ሊያመጣላት ተነሣ።