የማሪሌኒ የመጨረሻዋ ጉንጉን

ኑ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ ልጆቼ። አሸዋው ገና አልጋለም። እኔ ኮኮናቴን እየፈለጥኩ፣ እዚችው ዛፍ ሥር ያየሁትን ላውጋችሁ።

ሹሩባ ሠሪዋ ኔሬይዳ ሚዶዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀርታለች። ከፊቷ በርጩማ ላይ የተቀመጠችው ፈረንጅ ግማሽ ራሷ ሹሩባ ነው፣ ግማሹ ብትን። ኔሬይዳ ግን የምታየው እሷን አይደለም። እዚያ ማዶ፣ በሌላዋ ሹሩባ ሠሪ በዮካስታ ጃንጥላ ሥር፣ የኔሬይዳ የገዛ ልጅ ማሪሌኒ ልትሠራ ራሷን ሰጥታ ተቀምጣለች። ነገ የምትዳረው ማሪሌኒ።

"ከዚህ በኋላ ወዴት ልሂድ? ምን የሚታይ አለ?" ትላለች ፈረንጇ ቋንቋችንን እየሰባበረች።

"ጠዋት በጀልባ ዓሣ ነባሪ ማየት ነው። ከሰዓት በፈረስ ፏፏቴው ድረስ።" ኔሬይዳ ዓይኗን ከማዶ አትነቅልም። "ካልሆነም እዚያች ሴትዮ ዘንድ ሂጂ። ሁሉም ወደሷ ነው የሚሮጠው።"

"ወይኔ ራሴን!"

"ይቅርታ፣ የኔ ቆንጆ። ጠበቀብሽ?"

ሁለቱ ሹሩባ ሠሪዎች በርጩማቸውን እዚህ አሸዋ ላይ ያኖሩት ባንድ ሰሞን ነው። ዮካስታ ግን ሳቂታ ናት፤ ከጀልባ የወረደ ሁሉ ሳቋን ተከትሎ ይሄዳል። ኔሬይዳ ይህንን ጥርሷን ነክሳ ችላው ኖራለች። ደንበኛ ይመጣል፣ ይሄዳል። የማሪሌኒን ጸጉር ግን፣ ጥርስ ሳታወጣ ጀምሮ፣ ከእናቷ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም።

"አየሽልኝ?" ትለኛለች ወደኔ ዞራ። "ከግራ ጆሮዋ ጀመረች! ከግራ ጆሮ የምጀምረው እኔ ብቻ ነኝ። ደንበኞቼን ወሰደች፣ ዛሬ ደግሞ አሠራሬንም ልጄንም!"

"ተይ እንጂ አንቺ፣ ሰው ይሰማሻል።"

"ይስማ!"

ሚዶው ከእጇ ይወድቃል። ታነሳዋለች፣ ደግሞ ይወድቃል። ንዴት ነው እላለሁ በሆዴ። ሚዶውን እዚያው ትታ አሸዋውን እየረገጠች ትሄዳለች። ፈረንጇም ያልተሠራ ጸጉሯን በእጇ ጨብጣ ትከተላታለች። እኔስ ልቀር ነው? ቢላዬን ጥዬ ተነሳሁ።

"ተነሺ!" ትላታለች ልጇን።

"እማ፣ ትንሽ ቀርቷል።"

"ነገ ሰው ሁሉ እናት የላትም ወይ ይበል?"

"ጩኺ፣ ጩኺ" ትላለች ዮካስታ፣ ክሩን በጥርሷ እንደያዘች። "ዓሣ ነባሪዎቹ አልሰሙሽም።"

"አንቺ ሌባ! ከግራ መጀመር ከማን ተማርሽ?"

"እኔ ነኝ ያልኳት" አለች ማሪሌኒ። "እናቴ እንደምትሠራኝ አድርገሽ ሥሪኝ አልኳት።"

"እና እኔ ሞቻለሁ?"

"እማዬ፣ ማታ ማታ እጅሽን በሞቀ ጨው ውሃ ስትነክሪ የማላይ መሰለሽ? ሚዶ እንኳ መጨበጥ አቅቶሻል። ራሴን ሁሉ ስትሠሪ ብትውይ፣ ለማሰሪያዬ ጣት ከየት ታመጪያለሽ?"

በኛ መንደር፣ አናት ላይ ያለችውን የመጨረሻዋን ጉንጉን እናት ካላሰረችላት ሙሽራ ከቤት አትወጣም። ኔሬይዳ ያን ጊዜ ነው ዝቅ ብላ ያየችው። ራሱ ሁሉ ተሠርቶ አልቆ፣ አናቷ ላይ አንዲት ጭብጥ ጸጉር ሳትነካ ለብቻዋ ቀርታለች።

ኔሬይዳ ወደ በርጩማው ጠጋ አለች።

"አንቺ ባለፈ ባገደመው ደንበኛ ትቀኚብኛለሽ" ትላለች ዮካስታ፣ ከበርጩማው ኋላ ፈቀቅ እያለችላት። ሳቋ የለም። "እኔ ግን የማስርላት ሴት ልጅ የለኝም። ይሄንንስ አስበሽው ታውቂያለሽ?"

ኔሬይዳ ያበጡ ጣቶቿን የልጇ አናት ላይ አሳረፈች። ያችን ጭብጥ ጸጉር ሦስት ቦታ ከፈለች። ቀስ፣ ቀስ እያለች ትጎነጉናለች፤ ሲያማት ከንፈሯን ትነክሳለች። መጨረሻው ላይ አንዲት ሰማያዊ ዶቃ ልታስገባ ብትል ዶቃዋ ከጣቶቿ እያመለጠች አስቸገረቻት።

ዮካስታ ወደ ባሕሩ እያየች እጇን ዘረጋች። ዶቃዋን በሁለት ጣቷ ያዘችላት። ኔሬይዳ ክሩን አሳለፈች።

"የሹሩባሽ መስመር ጠማማ ነው" አለቻት ኔሬይዳ፣ ቀና ሳትል።

"ካንቺ አፍ ይሻላል።"

ፈረንጇ ግማሽ ራሷን ነፋስ እየበተነው ቆማለች። ወዴት ልሂድ ማለቱን ትታዋለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ነገ ጀልባውም ፈረሱም ይውሰዳችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ አልቀየማችሁም። ያችን ሰማያዊ ዶቃና የያዟትን ሁለት እጆች ግን አደራ፣ አስታውሱልኝ።