ቀዩን የሰጠችው ልጅ

የፋሽን ዲዛይን ኮሌጁ ከአመልካቾች ሥዕል አይጠይቅም፤ ከዓይናቸው አንድ ቀለም ወስዶ ክር ይነክርበታል። የሰጠው ሰው ያንን ቀለም ዳግመኛ አያየውም። ረድኤት ቀዩን ሰጠች። ሲወስዱባት አላመማትም፤ መዝጋቢዋም "ካሁን ጀምሮ ተማሪያችን ነሽ" አለቻት።

እየሮጠች ቤት ስትገባ እናቷ ወይዘሮ ዘነቡ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር።

"እማዬ፣ ተቀበሉኝ!" ብላ ስትጮህ እናቷ ደንግጠው ጣታቸውን ቆረጡት። ደሙ እስከ ክንዳቸው ወረደ።

"ጨርቅ አቀብይኝ፣ ልጄ" አሉ እጃቸውን ዘርግተው።

ረድኤት ግራጫውን ፈሳሽ አይታ ሳቀች። "ውሃ እኮ ነው እማዬ፤ በቀሚስሽ ጥረጊው።"

ወይዘሮ ዘነቡ ልጃቸውን አተኩረው አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ከጀርባቸው ደበቁ።

"እውነትሽን ነው፣ ውሃ ነው" አሉ። "እንኳን ደስ ያለሽ።"