የነገው መንገድ

ዶክተር ጽጌማርያም የሲቲ ስካኑን ፊልም መብራቱ ላይ ሰክታ ስታየው ደሟ ፈላ። ከአቶ ወልደሰንበት ግራ ጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት እስከ ዕጢው ድረስ ተሰርስሯል። ዕጢውን የምታወጣበት ቀዶ ጥገና ግን ገና ነገ ነው።

ይህ የዛሬው ሦስተኛ ፊልም ነበር፤ ሦስቱም ላይ ያው ጉድጓድ አለ። ያነሳውን የራጅ ባለሙያ ኤልናታንን አስጠራችው።

«የሌላ ሰው ፊልም እያመጣህ እስከ መቼ ነው የምትቀልድብኝ?»

«ዶክተር፣ አቶ ወልደሰንበትን አሁን ራሴ ነኝ ያነሳኋቸው። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ይዩዋቸው።»

ወጥታ የሽማግሌውን ጆሮ ወደ ፊት አጠፍ አደረገችው። ጭረት እንኳ የለም።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ቀዶ ጥገና ተደርጎልዎት ያውቃል?»

«ኧረ ልጄ፣ ያንቺን እጅ ነው የምጠብቀው» ብለው ከልጃቸው ከሰርኬ ጋር ሳቁ።

እየተነጫነጨች ተመለሰች። ከቀዶ ጥገና በፊት የበሽተኛውን አጥንት በወረቀት ስላ፣ መሰርሰሪያው የሚሄድበትን በቀይ ማስመር ልማዷ ነው። የእኚህን ሰው ፊት የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከወትሮው ወጣ ብሎ ስለሚያልፍ፣ ትናንት ቀዩ መስመር እንዳይነካው በጥንቃቄ አዙራው ነበር። ወረቀቱን ከፊልሙ ጎን ያዘችው። ጉድጓዱ ከቀዩ መስመር ዝንፍ አይልም።

«ማነው ሥዕሌን እየሰረቀ የሚያሾፍብኝ?» አለች። በንዴት ቀዩን እስክሪብቶ አንስታ ሥዕሉን ሰረዘችው፤ ጫፉ የነርቩን መስመር አቋርጦ ወረቀቱን ቀደደው።

የሰርኬ ድምፅ ከኮሪደሩ ተሰማ።

«ዶክተር፣ ቶሎ ይምጡ። አባዬ እየሳቀ እያለ ፊቱ ተጣመመ።»

ጽጌማርያም ከወንበሯ አልተነሳችም።

«በግራ በኩል» አለች።