አዲሱ ሰሌዳ

ያ ውሻ ሦስት እሑድ ሙሉ ደሜን አፍልቶታል። ትንሿ ልጄ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሸዋ መቆፈር ስትጀምር ሸምበቆው ጋ ሄዶ ይጮሃል፤ እሷም ደንግጣ ታለቅሳለች።

ባለቤቱን፣ ዓሣ አጥማጁን ዳንግሶን፣ "ለመሆኑ ይሄ መዝናኛ የሰው ነው የውሻ?" ብዬ አፋጠጥኩት።

"እህቴ፣ እሱ እኮ ዝም ብሎ አይጮህም" አለኝ፣ መረቡን እየጠገነ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ነደደኝ። አርባ ሰው አስፈርሜ ለመዝናኛው አስተዳደር አመለከትኩ።

ዛሬ ጥበቃው "ውሻ ይዞ መግባት ክልክል ነው" የሚል አዲስ ሰሌዳ ይዞ መጣ። ሌላ ምሰሶ ስላልነበረ፣ "ከጉማሬ ይጠንቀቁ" በሚለው ፀሐይ ባነጣው አሮጌ ሰሌዳ ላይ ደርቦ በምስማር መታው። ዳንግሶ ውሻውን በገመድ እየጎተተ ወጣ። ውሻው ግን አንገቱን ወደ ሸምበቆው አዙሮ እስከ በሩ ድረስ ጮኸ።

"እፎይ፣ ተገላገልኩ!" አልኩ። ፎጣዬን አንጥፌ ተንጋለልኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጸጥታ!

ልጄም ዛሬ አላለቀሰችም። ከሸምበቆው በኩል እየሳቀች ጠራችኝ።

"እማዬ፣ ነይ እዪ! ይሄ ድንጋይ ጆሮ አለው!"