ሰባት ቁጥር

ከግድቡ በታች ትራውት ዓሣ የሚያጠምድ ሁሉ ጠዋት ከተረኛው ጠባቂ ቁጥር ያለባት ቆርቆሮ ይወስዳል፤ ሲወጣ ይመልሳል። ቆርቆሮዎቹ ሁሉ ተመልሰው ምስማራቸው ላይ ካልተሰቀሉ ውሃው አይለቀቅም። የእኔ ሁልጊዜ ሰባት ቁጥር ናት።

ያን ቀን መጨረሻው የሚያፏጭ ሳል ሲያጣድፈኝ አድሮ ነበር የወረድኩት። ከላባ የሠራኋትን የማጥመጃ ዝንብ ስወረውር፣ ዓሣው ሲንቀኝ ረፈደ። ጡረታ ወጥቼ እንዲህ ከምለፋ መሥሪያ ቤቴ ይሻለኝ ነበር። ደክሞኝ ወንዙ መሃል ቆሜ ሳለሁ የውሃ መልቀቂያው ጡሩምባ ጮኸ።

ስልኬን አውጥቼ ተረኛው ጋ ደወልኩ። "ወንድሜ፣ ምን ነካህ? ገና ውሃ ውስጥ ነኝ እኮ!"

"ኧረ ጋሼ፣ ይቀልዳሉ!" ብሎ ሳቀ። "ቆርቆሮዎን አሁን መለሱልኝ አይደል? እጄን እንኳ አራሱት።"

ኪሴን ዳበስኩ። ሰባት ቁጥር አለች።

"እኔ አይደለሁም! እንዳትከፍተው!"

 በስልኩ ከተረኛው ጀርባ ሳል ተሰማኝ፤ መጨረሻው ያፏጫል። ከዚያ በዛለ ድምፅ፣ በእኔው ድምፅ፣ አንድ ሰው ተናገረ።

"ክፈተው ወንድሜ፤ ማንም የቀረ የለም።"